ቃሉ ተሰማ፣ ነገሩ አልተሰማም፦ የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ትምህርት የሥራ ማስታወሻ፣ ባሕር ዳር

ሥራው፦ ለማታ ክፍል 24 አጫጭር የድምፅ ትራኮችን ከነመልመጃቸው ማዘጋጀት። ሠልጣኞቹ 28 ናቸው። አብዛኞቹ የሆቴል እንግዳ ተቀባዮች፣ አስተናጋጆችና የጀልባ አስጎብኚዎች፣ ጥቂቶቹ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። መነሻው አንድ ጥርጣሬ ነበር፦ ቃሉን ይሰማሉ፣ ተናጋሪው በቃሉ ምን ሊያደርግ እንደፈለገ ግን ያመልጣቸዋል። ፕራግማቲክስ የሚሠራው እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ምን ይላል ሳይሆን፣ ይህ ሰው ለዚህ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ይህን ያለው ምን ፈልጎ ነው የሚለው ላይ።

ሳምንት 1፦ መለኪያ

12 ቅንጭብ ንግግሮች፣ እያንዳንዳቸው ከ8 እስከ 15 ሰከንድ። ለአንዱ ቅንጭብ ሁለት ጥያቄ፦ (ሀ) ምን አለ? (ለ) ምን ፈልጎ ነው? እርማቱ ለየብቻ። ተደምሮ ቢታረም ኖሮ «ማዳመጥ ላይ ደካሞች ናቸው» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ለየብቻ ሲታረም ግን በ(ሀ) አማካዩ ከ12ቱ 9 ያህል ሆነ፣ በ(ለ) 5 እንኳ አልሞላም።

ትራክ 3፦ እንግዳዋ ሆቴል ገብታ ለተቀባዩ «ኢትስ ኧ ቢት ኮልድ ኢን ሂር» ትለዋለች። «እዚህ ትንሽ ይበርዳል» የሚለውን ያልተረዳ አልነበረም። ምን ፈልጋ ነው ሲባል 19ኙ «ስለ አየሩ እያወራች ነው» ብለው ጻፉ። መስኮቱን ዝጋልኝ ወይም ብርድ ልብስ ጨምርልኝ ማለቷ ነው። እነዚሁ ሰዎች በአማርኛ ቢሆን አይሳሳቱም። አማት ቤት ገብታ «ኧረ ይቺ ቤት እንዴት ትበርዳለች» ብትል በሩን ለመዝጋት የማይነሳ ማን አለ? ችሎታው አለ፤ እንግሊዝኛ ሲሰሙ አይጠቀሙበትም፣ ምክንያቱም ትኩረታቸው ሁሉ ቃል መልቀም ላይ ነው።

ትራክ 5፦ «አር ዩ ካሚንግ ኦን ዘ ቦት ትሪፕ?» (ለጀልባው ጉዞ ትመጣለህ?)፣ መልሱ «አይቭ ጋት አን ኧርሊ በስ ቱሞሮው» (ነገ በማለዳ አውቶቡስ አለብኝ)። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «ጥያቄውን አልመለሰም» አሉ።

ትራክ 9 የተለየ ነው፤ እዚህ አማርኛው ራሱ አሳሳታቸው። «ዩ ዶንት ሃቭ ኧ ሩም ፎር ቱናይት?» ተብሎ «ኖ» ተባለ። በአማርኛ «ለዛሬ ክፍል የላችሁም?» ሲባል ከሌለ መልሱ «አዎ፣ የለንም» ነው። አዎታው የጠያቂውን ግምት ይደግፋል። በእንግሊዝኛ ግን «ኖ» የሚከተለው እውነታውን ነው፤ የለም ማለት ነው። ሠልጣኞቹ «ኖ»ን ሲሰሙ «አይ፣ አለን» ብለው ተረዱት። እንግዳ ተቀባይ ይህን ከተሳሳተ እንግዳው ሻንጣውን ይዞ በከንቱ ይቆማል። ለዚህ ዓይነቱ ብቻ አራት ትራክ ተመደበ።

ሳምንት 2፦ ግራይስን ሰሌዳ ላይ መጻፍ (አልሠራም)

የቋንቋ ፈላስፋው ፖል ግራይስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጽሑፍ ያስቀመጣቸው አራቱ የመተባበር ደንቦች (መጠን፣ እውነትነት፣ አግባብ፣ ግልጽነት) 40 ደቂቃ ወሰዱ። በመጨረሻ አራቱንም በቃላቸው ጠሩ። ትራክ 5 እንደገና ሲከፈትላቸው ግን መልሱ ያው ነበር፤ «አልመለሰም»። ደንቦቹ ለአስተማሪው እንጂ ለሰሚው መሣሪያ አይደሉም። ለእኛ ትራኮቹን ለመመደብ ጠቅመዋል፦ የትኛው ደንብ ነው የተጣሰው? ትራክ 5 አግባብን የጣሰ ይመስላል፤ ሰሚው «ይህ ሰው እየተባበረ ነው» ብሎ ከጀመረ ግን አውቶቡሱን ከእምቢታ ጋር ራሱ ያገናኘዋል።

ለሠልጣኙ የተሰጠው በምትኩ የኪስ ካርድ ነው። የኤ4 ወረቀት አራት ቦታ ተቆርጦ፣ በላዩ አራት ጥያቄ፦ ማን ነው? ለማን ነው? የት ናቸው? ምን እንዲሆንለት ነው? ትራኩ ከመከፈቱ በፊት የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ይነበባሉ፣ አራተኛው ከሰሙ በኋላ ይሞላል። ቀላል ነገር ነው፣ ግን በዚያው ምሽት ትራክ 5ን 20 ሰው አገኘው።

በዚሁ ሳምንት «አይም አፍሬድ» ተገኘ። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች አይገቡም። አስጎብኚው ለአንዲት ጎብኚ «አይም አፍሬድ ኦንሊ ሜን ካን ጎ ኢን» የሚልበት ትራክ ነበረን። 11 ሠልጣኞች «አስጎብኚው ፈርቷል» ብለው ጻፉ፤ አንዱማ «መነኮሳቱን ፈርቶ» ብሎ ምክንያት ጨመረለት። «አይም አፍሬድ» እዚህ ላይ «ይቅርታ፣ የማያስደስት ነገር ልነግርሽ ነው» የሚል ማለስለሻ ነው። እንደ «ዌል»፣ «አክቹዋሊ»፣ «ቱ ቢ ኦነስት» ያሉትም እንዲሁ ናቸው፤ ከኋላቸው አብዛኛውን ጊዜ እምቢታ ወይም ማረሚያ ይመጣል። መዝገበ ቃላት ያሳስታል። እነዚህ ለብቻ ገጽ ተሠራላቸው፣ ርእሱም «ተዘጋጅ፣ ክፉ ወሬ እየመጣ ነው»።

ሳምንት 3፦ ቀረጻ

ዕቃ፦ ስልክ ላይ የሚሰካ የኮሌታ ማይክ 850 ብር፣ ኦዳሲቲ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ያለበት ላፕቶፕ፣ ከቤት የመጡ ሁለት ብርድ ልብሶች። ቅንብር፦ ሞኖ፣ 44,100 ኸርዝ፣ ቀረጻው በዌቭ (ባልታመቀ የድምፅ ፋይል)፤ ወደ ኤምፒስሪ የሚቀየረው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ማይኩ ኮሌታ ላይ ሲሆን የልብስ ኩሽኩሽታ ይገባል፤ እስክሪብቶ ላይ ታስሮ ከአፍ አንድ ስንዝር፣ ትንሽ ወደ ጎን ዞር ብሎ ሲቆም ይሻላል። ፊት ለፊት ከሆነ «ፒ» ሲባል ይፈነዳል። ሰዓቱ ከንጋቱ 12 ተኩል እስከ 2 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ የባጃጅ ጥሩንባ አያስቀርጽም፣ መብራት ሲጠፋም የጎረቤት ጄኔሬተር ይነሳል።

መጀመሪያ ተናጋሪዎቹ ጽሑፍ እያነበቡ ተቀረጹ። ስድስት ትራክ ተጣለ፤ የሚያነብ ሰው ዜማው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል፣ ፕራግማቲክሱ ደግሞ ያለው ዜማው ውስጥ ነው። ከዚያ የሁኔታ ካርድ ተሰጣቸው፦ «አንተ ተጋብዘሃል፣ መሄድ አትፈልግም፣ ጋባዡን ግን ማስቀየም አትፈልግም»። ቃሉን ራሳቸው ፈጠሩት። ከሦስት ሙከራ አንዱ ይሠራል። ፈቃዳቸው በጽሑፍ ተወስዷል።

ትልቁ ጥፋት የተሠራው ኤዲቲንግ ላይ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው በዝርዝር ይኸው።

ድምፅ ማጥሪያው (ኖይዝ ሪዳክሽን) 24 ዴሲቤል ላይ ተደርጎ ድምፁ ከውኃ ውስጥ የሚመጣ መሰለ። 8 ይበቃል። በእያንዳንዱ ቀረጻ መጀመሪያ ማንም ሳይናገር 2 ሰከንድ ይቀረጽ፤ ሶፍትዌሩ የክፍሉን ጫጫታ የሚያውቀው ከዚያ ነው።

ከዚያ የባሰው፣ ፋይሉን ለማሳጠር ተብሎ ዝምታን የሚቆርጠው መሣሪያ (ትራንኬት ሳይለንስ) በሁሉም ትራኮች ላይ ተሠራበት። ትራክ 12 ላይ «ውድ ዩ ላይክ ቱ ጆይን አስ ፎር ዲነር?» (እራት አብረኸን ትበላለህ?) ትላለች፤ እሱ አንድ ሰከንድ ያህል ዝም ብሎ «ዌል… ቱናይት?» (እ… ዛሬ ማታ?) ይላል። እምቢታው ያ ዝምታ ነው። በአማርኛም «ነገ ትመጣለህ?» ተብሎ ቆም ብሎ «እ… ነገ?» ያለ ሰው እንደማይመጣ ማንም ያውቀዋል። መሣሪያው ዝምታውን ወደ 0.2 ሰከንድ ሲያወርደው ሰውየው እራት የናፈቀው ሰው ሆኖ አረፈው። ሠልጣኞቹ «ይመጣል» ብለው መለሱ፣ ልክም ነበሩ፤ የተሳሳትነው እኛ ነን። ዋናው የዌቭ ፋይል ባይቀመጥ ኖሮ ዘጠኝ ትራክ እንደገና ይቀረጽ ነበር።

ሦስተኛው፣ «ፈጠነብን» ስላሉ ፍጥነቱ በ20 በመቶ ተቀነሰ። «ዛትስ ፋይን» የምትል ቀላል መልስ ተጎትታ «ዛ…ትስ ፋ…ይን» ስትሆን ያኮረፈች መሰለች። ንግግር ሲጎተት ትርጉሙ ይቀየራል። ፍጥነቱ ወደነበረበት ተመለሰ፤ በምትኩ ትራኩ ሦስት ጊዜ ይሰማል፤ በመጀመሪያው እስክሪብቶ አይያዝም።

ሳምንት 4፦ ወረቀቱ መልሱን እየተናገረ ነበር

ባለ ሦስት ምርጫ ጥያቄዎች ተዘጋጅተው ውጤቱ በአንድ ጊዜ ዘለለ። ደስታው ብዙ አልቆየም። ወረቀቱ ድምፅ ሳይከፈት ለአምስት ሰዎች ተሰጠ፣ ከ12ቱ ጥያቄ አራቱን አምስቱም አገኙ። ምክንያቱ፦ ትክክለኛው ምርጫ ሁልጊዜ ረጅሙ ነበር፣ «በትህትና» የሚል ቃልም አይጠፋውም። አራቱ ተጣሉ፣ የሌሎቹ ምርጫዎች ርዝመት ተስተካከለ። ከዚህ በኋላ ድምፅ አልባ ሙከራ ያላለፈ ጥያቄ ፎቶ ኮፒ ቤት አይሄድም። ኪሳራ፦ 2 ገጽ በ28 ሰው፣ ገጹ በ4 ብር፣ 224 ብር።

ሌላ ማስተካከያ፦ ከ(ለ) በፊት የአንድ ዓረፍተ ነገር የቃል ጽሕፈት ገባ። ምክንያቱ «ካን» እና «ካንት» ናቸው። «ዩ ካን ሊቭ ዩር ባግ ሂር» (ሻንጣህን እዚህ መተው ትችላለህ) ሲባል «ካን» ተዳክማ «ክን» ትሆናለች፤ ጠንከር ብላ ከተሰማች ሠልጣኙ «ካንት» ነው ብሎ ይወስዳታል፣ የ«ካንት» መጨረሻ «ት» ብዙ ጊዜ ስለምትዋጥ። ይህ የድምፅ ችግር እንጂ የፕራግማቲክስ አይደለም። የቃል ጽሕፈቱን የሳተ ሰው (ለ) ላይ ቢሳሳት እንደ ፕራግማቲክስ ስሕተት አይቆጠርበትም። ይህ ሲለይ ከሳምንት 1 ስሕተቶች ጥቂት የማይባሉት ወደ ጆሮ ተመለሱ። መነሻው ጥርጣሬ ሙሉ በሙሉ ልክ አልነበረም ማለት ነው።

ሳምንት 5፦ ሰምና ወርቅ፣ ከመጠን በላይ

ስውር መልእክትን ለማስረዳት ሰምና ወርቅ ጥሩ መግቢያ ይመስላል፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ክፍሉም ይነቃቃል። ጉዳቱ የታየው በማግስቱ ነው። «ዘ ቦት ሊቭስ አት ኤይት» (ጀልባው በስምንት ይነሳል) ለሚል ተራ ዓረፍተ ነገር «አርፍዳችኋል ማለቱ ነው»፣ «ጉርሻ ፈልጎ ነው» የሚሉ መልሶች መጡ። ቅኔ የሚፈታ ሰው ወርቅ ሳያገኝ አይተኛም። በዕለት ንግግር ግን አብዛኛው ነገር ሰም ብቻ ነው። መፍትሔው ከ24ቱ ትራኮች 8ቱን ቀጥተኛ ማድረግና ሳይነገራቸው መበተን ሆነ። (ለ) ላይም «ያለውን ብቻ ነው ያለው» የሚል ምርጫ ተጨመረ።

ያችው የጀልባ ትራክ ሌላ ነገር አወጣች። «ኤይት»ን በትክክል ሰምተው ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ብለው የጻፉ ሰባት ናቸው። ፈረንጁ «ኤይት» ሲል የኛ ሁለት ሰዓት ነው። ቃሉ ተሰምቷል፣ ቆጠራው የማን እንደሆነ አልተጠየቀም። በሥራ ላይ ያሉት አስጎብኚዎች አልተሳሳቱም፤ የተሳሳቱት ተማሪዎቹ ናቸው። ካርዱ ላይ አምስተኛ ጥያቄ ገባ፦ ሰዓቱ በማን አቆጣጠር?

ግብዣ ላይ አንድ ምሽት ሙሉ ሄደ። እኛ ዘንድ መጀመሪያ «አይ፣ አሁን ነው የበላሁት» ማለት ወግ ነው፤ ጋባዡ «በሞቴ!» እስኪል ይጠበቃል። ትራክ 15 ላይ እንግሊዛዊቷ ኬክ ታቀርባለች፣ እንግዳው «ኖ፣ ሳንክስ» ይላል፣ እሷ «አር ዩ ሹር?» ብላ አንዴ ትጠይቅና ሳህኑን ታነሳለች። ጥያቄው «ቅር ብሏት ነው?» የሚል ነበር። 17ቱ «አዎ» አሉ። አልከፋትም፤ «ኖ» ያለውን እንደ «ኖ» ነው የወሰደችው። ይህን ያለ አማርኛው ንጽጽር ማስረዳት አይሞከር። መጀመሪያ በአማርኛ ሁለት ሰዎች ይጫወቱት፣ «በሞቴ» ስንት ጊዜ እንደተባለ ይቆጠር፣ ከዚያ ትራኩ ይከፈት።

ሳምንት 6፦ ዜማ

በጥምቀት ምክንያት ሦስት ቀን ቀረጻ የለም።

አንዲት ቃል በሁለት ዜማ፦ «ሶሪ» ወደ ታች ከወረደች ይቅርታ ነው፣ ወደ ላይ ከወጣች «ምን አልክ?» ነው። እንግዳዋ «ሶሪ?» ስትል አስተናጋጆቹ «ኖ ፕሮብሌም» ብለው ዝም አሉ። እሷ ድገምልኝ ነው ያለችው። ድልድዩ «አቤት» ሆነ። ስማችን ሲጠራ የምንመልሳት «አቤት» እና ሳይሰማን ሲቀር የምንላት «አቤት?» በዜማ ነው የሚለያዩት። አምስት ደቂቃ «አቤት» እና «አቤት?» ከተባለ በኋላ «ሶሪ»ን የሳተ ሦስት ሰው ብቻ ነው።

አሠራሩ፦ ቀይና አረንጓዴ ካርድ ለእያንዳንዱ። ትራኩ ይሰማል፣ በሦስት ቆጠራ ካርድ ይነሳል። ዓይን መጨፈን ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ ሁሉም የጎበዙን እጅ አይቶ ያነሳል። የመጀመሪያው ዙር በዚህ ምክንያት ተሰርዟል።

በዚሁ የተጨመረ፦ እኛ «አዎ» ለማለት አየር ወደ ውስጥ ሳብ የምናደርጋት ነገር። በስልክ ፈረንጁ አይሰማትም፣ ፊት ለፊት ደግሞ የደነገጥን ይመስለዋል። የማዳመጥ ትምህርት አይደለም፣ ግን የሚያወሩት ሰው «አር ዩ ኦኬ?» ሲላቸው ለምን እንደሆነ ይወቁት።

ሳምንት 7፦ ጀልባ ማረፊያው

ትራኮቹ ክፍል ውስጥ ንጹሕ ናቸው፤ ሥራው ግን ሞተር ሥር ነው። ማረፊያው ላይ ለመቅረጽ ተሞከረ፦ የጣና ነፋስ ማይኩን መታው፣ ሞተሩ ሲነሳ ምንም አይሰማም። ከፍራሽ ስፖንጅ ተቆርጦ ማይኩ ላይ ለበሰ (ሙሉው 120 ብር)። ነፋሱን አስታገሠው፣ ሞተሩን አልቻለውም። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ስለሚናወጥ ጠዋት ይሻላል፣ ግን ጠዋት ጀልባው ሁሉ የሚነሳበት ነው።

የሠራው ዘዴ፦ ንግግሩ በብርድ ልብሱ ክፍል ይቀረጻል፣ የሞተርና የውኃ ድምፅ ለብቻው ይቀረጻል፣ ኦዳሲቲ ላይ ሁለተኛ ትራክ ሆኖ ከንግግሩ 18 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይገባል። 12 ሲሆን ሠልጣኙ ተስፋ ይቆርጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙት ያለ ጫጫታ፣ በሦስተኛው ከነጫጫታው።

እስካሁን የወጣ፦ ማይክ 850፣ ድምፅ ማጉያ 2,600፣ ስፖንጅ 120፣ ፎቶ ኮፒ 896 (የተበላሸው 224 ተጨማሪ)፣ ካርድ ማተሚያ 180። ድምር 4,870 ብር። ድምፅ ማጉያው ትንሹን ቢሆን ይሻል ነበር፤ ይህኛው ባሱ ስለሚበዛ «ስ» እና «ፍ» ይደበዝዛሉ።

ሳምንት 8፦ ዳግም መለኪያ

አዲስ 12 ቅንጭብ፣ ያው አሠራር። (ሀ) 9 ላይ ቆሟል። (ለ) ወደ 8 ወጣ። ትራኮቹ የተለዩ ስለሆኑ ንጽጽሩ ግምት ነው። በተዘዋዋሪ መጠየቅና እምቢታ ላይ ያለው ለውጥ ግልጽ ነው። የአሉታ ጥያቄው («ዩ ዶንት ሃቭ…?» «ኖ») አሁንም ግማሹን ይጥላል፤ ያውቁታል፣ ግን በሰከንድ ውስጥ አማርኛው ይቀድማቸዋል። በየምሽቱ መጀመሪያ ሁለት ሁለት ጥያቄ በፍጥነት ይሰጣል።

ምጸት ላይ እንግዳ ነገር ታየ። መብራት ጠፍቶ እንግዳው «ግሬት። አናዘር ፓወር ከት» (ግሩም። መብራት ደግሞ ጠፋ) ሲል ሁሉም ሳቁ፤ አንድም የተሳሳተ የለም። ትራክ 22 ላይ ደግሞ አንድ ሰው አርፍዶ ለመጣ ጓደኛው «ናይስ ኦቭ ዩ ቱ ካም» ሲለው 21 ሰው «ስለመጣህ አመሰግናለሁ» ብሎ ተረዳ። መብራቱን ያውቁታል፤ ማርፈዱን ግን ከድምፁ የሚያውቁበት መንገድ የለም፣ ትራኩ የሚጀምረው ከንግግሩ ነው። ሰሚው የማያውቀውን ነገር ይዞ ፈተና ማውጣት የእኛ ጥፋት ነው።

ትራክ 22 እንደገና ይቀረጻል። መጀመሪያ 6 ሰከንድ፦ የሰዓት ቆጠራ፣ ጠረጴዛ በጣት መምታት፣ ስልክ ተደውሎ አለመነሳት፣ ከዚያ በር። የመማሪያ ክፍሉ በር ድምፅ የለውም፤ የዕቃ ቤቱ ሲጢጥ ይላል፣ ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ተኩል ቁልፉ ተይዞ ይመጣ።